ስሙን ያዞረ እጅ

ቅዳሜ ጠዋት ቫሴማካ ሱቫ ወደብ ስትደርስ የሬሳ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ነበር።

ክፍት የጭነት መኪና ላይ ተጭኗል። በተሸመነ ምንጣፍ ሸፍነውታል፤ አንዲት ልጃገረድ ከጎኑ ተቀምጣ ጃንጥላ ይዛለታለች። ዘመዶቹ ጥቁር ለብሰው ከመኪናው እስከ መርከቡ መግቢያ ድረስ ተደርድረዋል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሕዝብ አለ፤ ሻንጣ የጎተተ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሕፃን ያቀፈ። ሁሉም ቲኬት ያውለበልባል፣ ሁሉም ይጮኻል።

በር ጠባቂው ቶማሲ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ማካ! እግዜር ነው የላከሽ!» አለ ሲያያት። «ሊበሉኝ ነው። ቲኬቱ ከእኛው ቢሮ የተቆረጠ ነው፣ ማኅተም አለው። ማሽኑ ግን አላውቃቸውም ይላል።»

«ትርፍ ቦታስ?»

«የት አባቱ ይገኛል! ትናንት ለራግቢ ውድድር ለሚሄድ ሕዝብ ሸጠነዋል። ጢም ብሏል። ከልኩ በላይ አንድ ነፍስ ብጨምር ካፒቴኑ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»

በዚህ መሃል አንዲት ሽበታም ሴት ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ መጡ። እማማ ሜሬሲያና ይባላሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ እዚህ ሱቫ ሆስፒታል ታሞ ከርሞ ሞተባቸው።

«የኮምፒውተሩ አለቃ አንቺ ነሽ?»

«አለቃ እንኳን አይደለሁም፣ እማማ። የምሠራው ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ሐሙስ ዕለት እዚሁ መስኮት ላይ ቆሜ ለእኔም፣ ለቤተሰቤም፣ ለወንድሜም አስቆርጫለሁ። ደሴታችን ታቬዩኒ ላይ መቃብሩ ተቆፍሯል፤ አገሬው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። አሁን ይሄ ሰውዬ ‹ስምሽ የለም› ይለኛል። ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ነው። የት ሊሄድ ይችላል?»

ቫሴማካ ቲኬታቸውን ተቀብላ ቀኑን አየች። ከጎናቸው የቆመውን ሰውዬም አየች፣ ከኋላው ያለችውንም ሴት። የሁሉም ሐሙስ ነው።

የወደቡ ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የረቡዕ ሽያጭ አለ። የዓርብ ሽያጭ አለ። ሐሙስ ላይ ግን ባዶ ነው። ከሱቫ፣ ከሌቩካ፣ ከሳቩሳቩ፣ ከታቬዩኒ፣ ከየትም ቢሮ አንድ ሰው ቲኬት አልገዛም ይላል። በዓል አልነበረም፣ ማዕበል አልነበረም። እንደ ሬሳ ዝም ያለ ቀን።

ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መንገዱን የሠራችው እሷ ናትና።

ድሮ የመርከብ ድርጅቱ ዳታቤዝ፣ ማለትም የቲኬት መዝገቡ፣ የት እንዳለ፣ በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው የይለፍ ቃል እንደሚገባ፣ በየቢሮው ባለ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ለየብቻ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ዳታቤዙን የያዘው ሰርቨር አንድ ጊዜ ከቦታው ከተነሳ ሁሉንም ዞሮ ማስተካከል ግድ ነው። ያ ትልቁ ማዕበል የመጣ ዓመት ሰርቨሩን ከውሃ አሽሽተው ኮረብታ ላይ ሲያወጡት የሳቩሳቩ ቢሮ ሳይነገረው ቀረ፤ ቲኬቱን ሞቶ ለተጣለ ማሽን ሲነግር ሰነበተ። ቫሴማካ በጀልባ እየሄደች፣ በትውከት እየታመመች፣ ደሴት በደሴት ኮምፒውተር ስትከፍት ከረመች። ስትመለስ «ይሄ ሞኝነት ነው» አለች። አንድ ማውጫ ሰርቨር አቆመች። አድራሻውን ሁሉ እዚያ ላይ ብቻ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የየቢሮው ኮምፒውተር ጠዋት ሲነሳ ማውጫውን «‹ዋና› የሚባለው ዳታቤዝ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማውጫውም አድራሻውን ይነግረዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲስተካከል ሁሉም ጋ ይስተካከላል።

አንድ ቦታ ላይ ሲበላሽም፣ ሁሉም ጋ ይበላሻል። ይህንን ታውቅ ነበር። አድራሻውን መለወጥ የሚችሉት እሷና የሥራ ባልደረባዋ አቪኔሽ ብቻ ስለሆኑ ግን ልቧን ጥላ ተኝታ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

አቪኔሽ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከእሷ ቀድሞ ተጠርቶ መጥቷል። ጥግ ላይ ቆሞ የማይሠራ ቬንቲሌተር ይነካካል።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለ ሳትጠይቀው።

«ኔትወርክ?»

«ሐሙስ ትንሽ ይቆራረጥ ነበር።»

«አቪኔሽ፣ እኔ ሐሙስ ሌቩካ ነበርኩ። አንተ ነህ እዚህ የነበርከው። ዞር በልና ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አልዞረም።

አብረው ነው የተቀጠሩት። ሚስቱ ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሰችው ቫሴማካ ናት፤ እናቷ ስትሞት ድንኳን የተከለው እሱ ነው። እሱ ሂንዱ፣ እሷ የሜቶዲስት ዘማሪ፣ ቢሮው ሁሉ «ባልና ሚስት» እያለ ይቀልድባቸዋል። ያን ጀርባውን እያየች ቆማ፣ ከውጭ የሕዝቡ ጩኸት እየመጣ፣ ደሟ ወደ ጭንቅላቷ ሲወጣ ይሰማታል።

«‹ዋና›ን ወዴት አዞርከው?»

አቪኔሽ የቬንቲሌተሩን ክንፍ በጣቱ ገፋ።

«አቪኔሽ! ወዴት አዞርከው?»

«ወደ ልምምዱ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ቀጥኖ። «ለጥቂት ሰዓት ነው ያሉኝ። አለቃ ናቸው ያዘዙኝ።»

የልምምዱ ዳታቤዝ አዲስ ሠራተኛ የሚማርበት ነው። መርከቦቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፣ ለመማሪያ ስለሆነ ግን ከልክ በላይም ቲኬት ይቆርጣል፤ ተሳፋሪዎቹ የሉም፤ ስማቸውን ቫሴማካና አቪኔሽ ራሳቸው እየሳቁ የፈጠሩት ነው። በየማታው ራሱን አጥቦ እንደ አዲስ ይነሳል። ሐሙስ ዕለት የመጡት ሰዎች፣ እማማ ሜሬሲያናም፣ ወንድማቸውም፣ እዚያ ውስጥ ገብተው ሲመሽ ከውሸቶቹ ስሞች ጋር አብረው ታጥበው ሄደዋል።

«ለምን?»

«የኦክላንድ እንግዶች መጥተው ነበር። ገንዘብ ሊያስገቡ። ጋሼ ሳኪያሲ ‹የወቅቱ ሽያጭ ደካማ ነው፣ እንዲህ ባዶ መርከብ አላሳያቸውም› አሉ። ‹ስክሪኑ ላይ ሞልቶ ይታይ፣ ከዚያ ትመልሰዋለህ› አሉኝ። ማካ፣ እሳቸው የሚያዩት ስክሪን ብቻ የሚዞር መስሏቸው ነው።»

«አንተስ? አንተስ ምን መሰለህ?»

እሱ የሚዞረው ምን እንደሆነ ያውቃል። ማውጫውን ሲያቆሙት ጎን ለጎን ነበሩ።

«ሰዉ ውጭ ሬሳ ይዞ ቆሟል» አለች። «ሬሳ! አንተ እዚህ ቬንቲሌተር ትጠግናለህ።»

በሩን በርግዳ ወጣች።

ውጭ ጋሼ ሳኪያሲ ደርሰዋል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ግርማ ያላቸው፣ በብረት የተተኮሰ ሱሉ የሚባል ሽርጥ የታጠቁ፣ ድምፃቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል የሚያስተጋባ። ከቫሴማካ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ሥራውን ስትቀጠርም አጎቷ «ሳኪያሲን እንደ አባትሽ እይው» ብሎ ነው የላካት። የአገራቸው ሴት በአገሯ ታላቅ ሰው ላይ በአደባባይ አፏን አትከፍትም።

ጋሼ ሳኪያሲ አንድ የዕቃ ሳጥን ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ወገኖቼ፣ ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው። እኛም ተጎድተናል። ድርጅታችን አዲስ የኮምፒውተር አሠራር አስገብቶ ነበር። አሠራሩን የሠራችው ልጃችን ቫሴማካ ናት፤ ይቺውላችሁ፣ መጥታለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ማሽን ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። አሠራሩ ከሽፏል። ሰኞ ወደ ድሮው እንመልሰዋለን።»

የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ቫሴማካ ላይ ወደቀ። አንዱ «እሷ ናት?» አለ። አንዷ ምራቋን ጢቅ አደረገች።

ቫሴማካ ጥርሷን ነከሰች። አጎቷ ትዝ አላት፣ መንደሩ ትዝ አላት። ከዚያ ያች ጃንጥላ የያዘች ልጅ ክንዷ ዝሎ ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጇ ስታዛውር አየች።

«ማሽኑ አልተሳሳተም» አለች።

«ቫሴማካ» አሉ ጋሼ ሳኪያሲ፣ በፈገግታ። «በኋላ ቢሮ እንነጋገራለን፣ የኔ ልጅ።»

«እዚሁ እንነጋገር እንጂ! ሐሙስ ዕለት አሠራሩ አልከሸፈም፤ ያዘዙትን ነው የፈጸመው። እርስዎ ለእንግዶች ባዶ መርከብ ማሳየት አፍረው፣ የእነዚህን ሰዎች ቲኬት የውሸት መዝገብ ውስጥ አስጣሉት። እኔ ሌቩካ ነበርኩ። ይህንን ያዘዙት እርስዎ ነዎት!»

የጋሼ ሳኪያሲ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ በአገራቸው ዘዬ፣ «ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ረሳሽው?»

«ኧረ በደንብ ነው የማውቀው!»

ምናልባት ነገሩ እዚያው ገደብ ያጣ ነበር። እማማ ሜሬሲያና ግን መሃል ገቡ። በማንም ላይ አልጮኹም፤ የቫሴማካን ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣ የተናደድሽው ለራስሽ ነው ወይስ ለእኔ?»

«እ... ለእርስዎ ነው እንጂ፣ እማማ።»

«እኔ ይሄ ሰውዬ አጥፊ ይሁን፣ አንቺ ሁኚ፣ ዛሬ ምን ያደርግልኛል? ወንድሜ ፀሐይ ላይ ነው። ጠቡን ሰኞ ትጣሉታላችሁ። ዛሬ ማን ያሳፍርልኛል?»

ይህ ንግግር ከጥፊ የከፋ ሆኖ አገኛት። ለካ ገና ስለ ሳጥኑ አንድ ነገር አላደረገችም። የሐሙስ ቲኬት ያላቸው ሁሉ በአንድ በኩል እንዲቆሙላት ለቶማሲ ነግራው ወደ መርከቡ ሮጠች።

ካፒቴኑ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነው። «አንድ ሰው አልጨምርም!» አላት ገና ከሩቅ።

«ጨምርልኝ አላልኩህም። የሚወርድ ባገኝ ትጠብቀኛለህ?»

«ማን ነው እብድ የሚወርደው?»

«አንተ ብቻ ጠብቀኝ።»

ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ የራግቢ ቡድን ተቀምጧል። መርከቡ ወደ ታቬዩኒ ሲያልፍ በሚቆምባት በሳቩሳቩ ለሚደረግ ውድድር የሚሄዱ፣ ትከሻቸው በር የሚያህል ጎረምሶች፤ የተቀቀለ ካሳቫና ዓሣ እየበሉ ይዘፍናሉ። ቫሴማካ መሃላቸው ቆማ ነገራቸው። ዘፈኑ ቆመ።

መሪያቸው ሰሚሲ የሚባል፣ ጆሮው በግጥሚያ ብዛት የተጣመመ ሰው ነው። «ይቅርታሽን ያዢው፣ እህቴ» አላት። «እኛ የዓርብ ቲኬት አለን፤ በማኅተም። ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ነው የሮጥነው። እናንተ በኮምፒውተር ትጫወታላችሁ፣ ጎሉ እኛ ላይ ይቆጠራል?»

«እውነትህን ነው።»

«እውነቴን ከሆነ ምን አስወጣሽ?»

«ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ! ከታች ያለው አራስና ሽማግሌ ነው። እነሱን ልግፋ?» በእጇ የመርከቡን አጥር ብረት አሳየችው። «ና እስቲ፣ በዚህ በኩል ቁልቁል ተመልከት።»

ሰሚሲ እየተነጫነጨ ሄዶ በብረቱ ላይ አንገቱን አሰገገ። መኪናውን አየ። ምንጣፉን አየ። ከዚያ የያዘውን ካሳቫ መልሶ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ።

የእማማ ሜሬሲያና ወንድም፣ የታቬዩኒ ሰው መሆኑን ነገረችው።

«ተነሱ» አለ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። አንዱ ሊከራከር ሲል «ተነስ አልኩህ! ዘንድሮ ብንሸነፍ የከርሞ ሰው ይበለን» አለው። ቫሴማካ ልታመሰግነው ብትጠጋ እጁን አወዛወዘባት። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። አንቺማ እግዜር ይይልሽ።»

ሳጥኑን ከመኪናው ያወረዱት እነሱ ናቸው። ተሸክመው፣ የሐዘን መዝሙር በወፍራም ድምፅ እየዘመሩ አስገብተው አስቀመጡት፤ ቦርሳቸውን አንስተው ወረዱ። እማማ ሜሬሲያና እያንዳንዳቸውን ሳሟቸው። ቫሴማካን አልሳሟትም፤ እንዲሁ አይተዋት ገቡ።

ቦታው ለሁሉም አልበቃም። ከሐሙስ ሰዎች መካከል ሕፃን ያቀፈችው ገባች፤ ባለ ዶሮው ቀረ። የሸንኮራ ገበሬ ነው፤ ዶሮ ይዞ ወደ ወንድሙ ልጅ ሠርግ የሚሄድ። መርከቡ ሲርቅ ዶሮዎቹን እግሯ ሥር ወርውሮ «እንኪ፣ ለሠርጉ ማሽንሽ ይብላቸው» ብሏት ሄደ። ዶሮዎቹን ታቅፋ ወደቡ ላይ ቀረች።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ከኦክላንድ የመጡት እንግዶች ገና አልሄዱም ነበርና እነሱም ገቡ፤ መሪያቸው ሚስስ ፔምበርተን የምትባል፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ጋሼ ሳኪያሲ ስለ አሠራሩ መክሸፍ ተናገሩ። አድራሻው እንደ ድሮው በየኮምፒውተሩ ይቀመጥ አሉ። ቫሴማካ ልትነሳ ስትል አቪኔሽ ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ። «የ‹ዋና›ን ስም ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ጋሼ ሳኪያሲ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። «ይኸው፣ ወንድ ልጅ ጥፋቱን ሲያምን» አሉ።

ቫሴማካ ማመን አልቻለችም። ቅዳሜ ዝም ካለው ይልቅ ይሄ አንገበገባት። አንገቱን ለቢላ ሲያቀርብ ጨዋ የሆነ መስሎታል! ጠረጴዛውን መታችው።

«ማን አዘዘህ?»

«ማካ፣ ተይው።»

«አልተወውም! ልጆች አሉህ። ለማን ብለህ ነው የምትባረረው? ማን አዘዘህ?»

አቪኔሽ ወለሉን አየ። ሚስስ ፔምበርተን መነጽሯን አወለቀች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ሐሙስ ለእኛ የታየን የተሳፋሪ ቁጥር የቱ ነው?»

ጋሼ ሳኪያሲ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

«ዳታቤዙ ተቀይሮ ከነበረ እኛ ያየነው መርከብ ሙሉ የነበረው በማን ነው?»

«በሌሉ ሰዎች» አለች ቫሴማካ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። የወደቡን ሕዝብ ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው የነበሩት እንግዶች፣ እነሱ ራሳቸው መታለላቸውን ሲያውቁ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በሳምንቱ ጋሼ ሳኪያሲ «ዕረፍት ወጡ» ተባለ፤ ከዚያ ዕረፍት አልተመለሱም። አቪኔሽ ያለ ደመወዝ ታግዶ ቆይቶ ተመለሰ። ሰዎች ቫሴማካን እንኳን ደስ አለሽ አሏት። እሷ ግን አንጀቷ አልራሰም። ሬሳ ፀሐይ ላይ መዋሉ ያላስቆጣቸው፣ ቁጥር ተሳስቶ ሲታያቸው አገር አፈረሱ። ይህንን በተናገረች ቁጥር ሰዉ «ዋናው ውጤቱ ነው» ይላታል፤ ያኔ ትተዋቸው ትሄዳለች።

አጎቷም ደወለላት። «ታላቅ ሰው አዋርደሽ አገራችንን አሰደብሽ» አላት። «አገራችን ወደቡ ላይ አልቆመችም ነበር፣ አጎቴ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። እስከ ገና አልተነጋገሩም።

ማውጫውን ግን አላነሱባትም፤ ስለ ሰኞው ክርክር የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። አንድ ደንብ ብቻ አስጨመረች፦ ከእንግዲህ ማንም ብቻውን አድራሻ አይለውጥም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው አንብቦ ካላጸደቀ ማውጫው አይቀበልም። ደንቡን ስታወጣ አንድ ነገር አላሰበችበትም፤ ያ ሌላው ሰው አቪኔሽ ነው።

የማዕበል ወቅት ሲገባ ሰርቨሩ እንደገና ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ አዲሱን አድራሻ ጻፈች። እሱ ማንበብ ነበረበት። አላነበበም።

«ማካ» አለ። «ያን ቅዳሜ እዚያ ቬንቲሌተር ጋ ስቆም...»

«አድራሻውን አንብብ።»

«ይቅርታ ልልሽ ፈልጌ ነው።»

«ሰምቻለሁ።» ዞራ አላየችውም። ጉንጯ ግን ቀልቷል። «ገና ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ። አሁን አንብብልኝ፤ ቁጥር በቁጥር፣ ጮክ ብለህ።»

አቪኔሽ ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።